የቤይሩቱ ጎተራ ለምን ቆመ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ጎተራ ነው። ጎተራ ስላችሁ በየጓሮው የሚቆመው የጭቃ ምርግ እንዳይመስላችሁ። ይሄኛው በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር፣ በቤይሩት ወደብ ላይ የተገተረ፣ 48 ሜትር ቁመት ያለው የአርማታ ጎተራ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1970 አለቀ። (ዘመኑን በፈረንጁ ቆጠራ ነው የምጠራው፤ የእኛን ስጠራ ዓ.ም. ብዬ እለያለሁ።) ከ100 ሺህ ቶን በላይ እህል ይይዝ ነበር። ሊባኖስ ከውጭ ገዝታ የምትበላው ስንዴ አብዛኛው በሱ ሆድ ውስጥ አልፎ ነበር ወደ ዳቦ ቤት የሚሄደው።

መልክ ቢሉት መልክ አልነበረውም። ረዣዥም ክብ ማማዎች በሦስት ረድፍ ጎን ለጎን ተጣብቀው ቆመው ነበር፣ በቃ። ከተማው ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሲያየው ኖሮ ልብ ብሎት አያውቅም። አንድ ማክሰኞ ምሽት ግን በዙሪያው የነበረው ሁሉ እንዳልነበረ ሲሆን፣ እሱ ግማሽ አካሉን ጥሎ ቆሞ ተገኘ። የቀረውን የጎተራ ግማሽ አይቶ ያልተገረመ የለም። እንዴት ቆመ? ነገሩን ከሥሩ ላምጣላችሁ።

ከሥሩ ያለችው መርከብ ናት። ሮሱስ ትባላለች። ያረጀች፣ የሞልዶቫን ባንዲራ የምታውለበልብ የጭነት መርከብ ነበረች። በ2013 መገባደጃ ላይ ከጆርጂያ፣ ከባቱሚ ወደብ ተነስታ ወደ ሞዛምቢክ ስታመራ ቤይሩት ላይ ጎራ አለች። ጎራ እንዳለች ቀረች። ለባሕር አትበቂም ተባለች፤ ባለቤቷ ዕዳውን ሳይከፍል ከነመርከበኞቿ ጥሏት ጠፋ። የጫነችው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት በ2014 ተራግፎ ከጎተራው አጠገብ 12 ቁጥር መጋዘን ውስጥ ገባ። ባዶዋ መርከብም በ2018 እዚያው ወደብ ውስጥ ሰመጠች። ጭነቷ ግን ደረቅ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

አሞኒየም ናይትሬትን ገበሬ በማዳበሪያነት ያውቀዋል። ለብቻው ሲቀመጥ ጭምት ነው፤ ክብሪት ብትጭሩበት እንኳ በቀላሉ አይነሳም። ግን በውስጡ ኦክሲጅን ተሸክሟል። ከቆሻሻና ከሚቃጠል ነገር ጋር ሲቀላቀል፣ በተዘጋ ቦታ ታፍኖ ሲግል፣ ያን ጊዜ ጠባዩ ይለወጣል። ይህንን ዓለም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። በ1947 በአሜሪካ ቴክሳስ ሲቲ ወደብ ይህንኑ የጫነ መርከብ ፈንድቶ ወደ 600 የሚጠጋ ሰው ጨርሷል። የቤይሩት ጉምሩክ ሹማምንትም ለዳኞች ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ይህ ነገር ይነሳልን ብለው ደጋግመው ጽፈዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት ቢሰሙት ኖሮ የዛሬው ወሬዬ ባልኖረ። ደብዳቤው ከፋይል ፋይል ሲዞር ስድስት ዓመት አለፈ፤ በዚያው መጋዘን ውስጥ ርችት ተጨመረበት።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም.። በፈረንጁ ኦገስት 4፣ 2020። ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ከመጋዘኑ ጭስ ተነሳ። ወደ እሳት አደጋ ተደወለ፤ አሥር ሰዎች ተላኩ። ዘጠኙ እሳት አጥፊዎች ናቸው፤ አሥረኛዋ የመጀመሪያ ሕክምና የምትሰጥ ወጣት ሴት። ውስጥ ምን እንዳለ የነገራቸው አልነበረም። ከአሥሩ አንድም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ጭሱ ሲያድግ፣ ርችቱ ሲንጣጣ፣ ከተማው ምን አደረገ? ወደ መስኮት ሄደ። ሰገነት ያለው ሰገነቱ ላይ ወጣ። ስልክ ያለው ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። የሰው ልጅ ነው፤ እሳት ሲያይ ይጠጋል። 12 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ላይ አንድ ፍንዳታ ተሰማ። ያላየ ሁሉ "ምንድን ነው?" ብሎ ወደ መስታወቱ ቀረበ። ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ዋናው መጣ።

አሁን ያንን ቅጽበት አዘግዬ ላሳያችሁ። ጠጣር የነበረው ናይትሬት በሰከንድ ሽራፊ ውስጥ ወደ ጋለ ጋዝ ተለወጠ። ጋዙ ቦታ ይፈልጋል፤ በዙሪያው ያለውን አየር ገፋው። አየሩ እንዳይሸሽ ገፊው ከድምፅ ይፈጥናል፤ ወዴት ይሂድ? እርስ በርሱ ተደራርቦ ግድግዳ ሆነ። ይህ ግድግዳ ውፍረቱ ከፀጉር ይቀጥናል፤ ከፊቱ ያለው አየር ጸጥ ያለ ነው፣ ከኋላው ያለው ግን የታመቀ ነው። ባለሙያዎች የግፊት ማዕበል ይሉታል። ከታመቀው አየር ኋላ ደግሞ ግፊቱ ይወርድና አየሩ ይቀዘቅዛል። የባሕር ዳር አየር እርጥብ ስለሆነ በዚያ ቅዝቃዜ እርጥበቱ ወዲያው ጉም ይሆናል። በየቪዲዮው ያያችሁት ያ ነጭ ጉልላት እሱ ነው። ብዙ ሰው "አቶሚክ ቦምብ ነው" ብሎ የደነገጠው በሱ ነበር፤ ጉሙ ግን የየትኛውም ትልቅ ፍንዳታ ጓደኛ ነው፣ አየሩ እርጥብ ይሁን እንጂ።

ማዕበሉ ግድግዳ ሲያገኝ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ገስጋሹ አየር ይቆማል፤ ከኋላ የሚመጣው ይደረብበታል። ስለዚህ ግድግዳው ፊት ለፊት የሚቀበለው ግፊት፣ ሜዳ ላይ የቆመ ሰው ከሚያገኘው ቢያንስ እጥፍ ነው። ከፍንዳታው አጠገብ ከሆነ ስምንት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ገፍቶ ሲያበቃ ደግሞ መልሶ ይስባል፤ ፍንዳታ ባለበት ከተማ አንዳንዱ መስኮት ወደ ቤት፣ አንዳንዱ ወደ መንገድ ወድቆ የሚገኘው በዚህ ነው።

ስንት ግፊት ምን ይሰብራል? የምንተነፍሰው አየር ራሱ ክብደት አለው፤ ዘወትር ተሸክመነዋል። በዚያ ላይ አንድ ሦስተኛ ያህል በድንገት ቢጨመር የጆሮ ታምቡር መቀደድ ይጀምራል። መስታወት ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ከመቶ ጥቂት እጅ ከተጨመረ ይበቃዋል። የሰው አካል ሊቋቋመው በሚችል ርቀት ላይ መስታወቱ አይቋቋምም ማለት ነው። ቤይሩት ላይ ብዙ ሰው የደማውም በዚያ ርቀት ላይ ነው።

ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሆስፒታል አለ። በዚያች ደቂቃ አንድ ባል፣ ሚስቱ በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ማዋለጃ ክፍል ስትገባ በስልኩ እየቀረጸ ነበር። ቪዲዮውን ዓለም አይቶታል። ሐኪሞቹ ከበዋታል፣ ክፍሉ በመስኮት ብርሃን ተሞልቷል። ድንገት መስኮቱ ከነፍሬሙ ወደ ውስጥ ገባ። ጣሪያው ረገፈ፣ መብራት ጠፋ፣ አልጋው በስብርባሪ ተሸፈነ። ሐኪሞቹ ግን አልሸሹም፤ በስልክ መብራት አዋለዷት፤ ልጁም እናቱም ተረፉ። በዚያው ሆስፒታል አራት ነርሶች ሞቱ። ሕንፃው አልወደቀም እኮ! ምሰሶው እንዳለ ነው፤ ወለሉ እንዳለ ነው። ያልቆመው መስታወቱ፣ ኮርኒሱ፣ በሩ ነው።

የእኛም ሰዎች እዚያ ነበሩ። ያ ዓመት የሊባኖስ ገንዘብ የወደቀበት ዓመት ነበር። አሠሪዎች ደሞዝ መክፈል ሲያቅታቸው ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ከቆንስላ ጽሕፈት ቤታችን ደጃፍ እያወረዱ የሄዱት ከፍንዳታው ሁለት ወር በፊት ነው። ቀሪዎቹ ወይ በአሠሪ ቤት ናቸው፣ ወይ ብዙ ሆነው ክፍል ተከራይተው እንደ ቡርጅ ሐሙድ ባሉ፣ ከወደቡ ብዙም በማይርቁ ሰፈሮች። ማዕበሉ ፓስፖርት አይጠይቅም። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ወደ 7 ሺህ ሰው ቆሰለ፤ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ቤቱ የማይኖርበት ሆነ። ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ቆጵሮስ ድረስ ተሰማ።

እንግዲህ አቧራው ሳይረግፍ የመለካት ጥያቄ ተነሳ። ምን ያህል ነበር? እንግሊዝ አገር የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ቤይሩት መሄድ አላስፈለጋቸውም። ያ በየሰገነቱ የተቀረጸው ቪዲዮ ለእነሱ መሣሪያ ሆነ። 16 ቪዲዮዎችን መረጡ። ቀራጩ የት እንደቆመ ከሕንፃዎቹ ለዩ። ከዚያ ብርሃኑ በታየበትና ማዕበሉ ካሜራውን በመታበት መካከል ያለውን ጊዜ ምስል በምስል ቆጠሩ። ርቀቱና ጊዜው ካለ ጉልበቱ ይወጣል። መልሳቸው፦ እንደ 500 ቶን ቲኤንቲ፣ ቢበዛ ቢበዛ ከ1,100 ቶን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ጄፍሪ ቴይለር የተባለ እንግሊዛዊ ሊቅ በ1945 ኒው ሜክሲኮ በረሃ ላይ የተሞከረውን የመጀመሪያውን አቶሚክ ቦምብ ጉልበት፣ ለሕዝብ ከወጡ ፎቶዎች ብቻ አስልቶ በ1950 አሳትሟል። የእሳቱ ኳስ በዚህች ቅጽበት ይህን ያህል ሰፋ የሚለው መረጃ በቂው ነበር።

ከሱም በፊት የካምብሪጁ በርትራም ሆፕኪንሰን አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዋዜማና በመሃሉ ፈንጂና ብረት ሲያጋጥም የኖረ ሰው ነው። ለእኛ ሁለት ነገር ትቶልናል። አንደኛው የርቀት ሕግ ነው፦ ፈንጂው ስምንት እጥፍ ቢያድግ፣ ያው ግፊት የሚደርስበት ርቀት የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ገልብጣችሁ ስሙት፤ ከፈንጂው የምትርቁት እያንዳንዱ እርምጃ ከማንኛውም ወፍራም ግድግዳ የረከሰ መከላከያ ነው ማለት ነው። በየኤምባሲው ደጃፍ የተደረደሩት የሲሚንቶ ማገጃዎች ፍንዳታ የሚያቆሙ አይደሉም፤ መኪና እንዳይጠጋ ርቀት የሚጠብቁ ናቸው። ሁለተኛውን ጎተራው ጋ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ መስኮቱ ልጨርስ። ቤይሩት የመጀመሪያዋ አይደለችም። በ1917 በካናዳዋ ሃሊፋክስ ወደብ ሞንብላን የምትባል ፈንጂ የጫነች መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ተቃጠለች። ጧት ነበር፤ ሰው በየመስኮቱ ቆሞ እሳቱን ያይ ነበር። ከሃያ ደቂቃ ገደማ በኋላ ፈነዳች። የዓይን ጉዳት ብቻ ወደ 5,900 ተቆጠረ። በ1998 ናይሮቢ ላይ በአሜሪካ ኤምባሲ ደጃፍ መጀመሪያ የተኩስና የቦምብ ድምፅ ተሰማ፤ የአካባቢው ቢሮ ሠራተኛ ሊያይ ወደ መስኮት ወጣ፤ ከዚያ መኪናው ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ብዙዎች ዓይናቸውን ያጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በእኛም ደርሷል። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት 27፣ መንግሥት በተለወጠ በሳምንቱ፣ አዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ተቃጥሎ ፈነዳ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብን ከኮረም ለዓለም ያሳየው ዝነኛው ካሜራማን መሐመድ አሚን ቃጠሎውን ሊቀርጽ ሄዶ ግራ እጁን አጣ፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። እነሱ ሥራቸው ነበር። ሌላው ሰው ግን እሳት የሚያየው ለማየት ብቻ ነው።

"ጎተራውስ?" ትሉኛላችሁ። መጣሁላችሁ።

ማዕበሉ መጀመሪያ ያገኘው ግዙፍ ነገር ጎተራው ነው። ከመጋዘኑ ጎን ነበራ! ፍንዳታው መሬቱን ቆፍሮ ከ100 ሜትር በላይ የሚሰፋ ጉድጓድ ሲያበጅ ባሕሩ ገብቶ ሞላው፤ የጉድጓዱ ከንፈር የጎተራው እግር ሥር ነው። ወደ ፍንዳታው የዞሩት ማማዎች ተደረመሱ። በምዕራብ በኩል፣ በስተጀርባ ያሉት ቆሙ። ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛው ክብደት ነው። ፍንዳታ ጉልበቱ ብዙ፣ ጊዜው ግን አጭር ነው። ቀላል ነገር በዚያች አጭር ጊዜ ተስፈንጥሮ ይሄዳል፤ ቆርቆሮና መስታወት እንደሄደው። እልፍ አእላፍ ቶን አርማታ ግን ገና ልንቀሳቀስ ብሎ ሳያስብ ግፊቱ አልፎታል። ሁለተኛው ቅርጹ ነው። ጠፍጣፋ ግድግዳ ማዕበሉን ደረቱን ሰጥቶ ይቀበላል፤ ክብ ማማ ግን ከፊሉን በጎንና በጎን ያሳልፈዋል፤ ቅስቱም ጭነቱን በአካሉ ዙሪያ ያካፍለዋል። በየማማው የነበረው እህልም ሥራ ሠርቷል፤ ፍሬ ከፍሬ እየተፋተገ ከጉልበቱ የበላው አለ።

ሦስተኛው የፊተኞቹ መሰበር ነው። ሆፕኪንሰን የተወልን ሁለተኛው ነገር እዚህ ይገባል። ሰውየው በወፍራም የብረት ሰሌዳ ላይ ፈንጂ ለጥፎ አፈነዳ። ምን የሚሆን ይመስላችኋል? ብረቱ የተመታው በፊት ነው፤ የተሰነጠቀው ግን ከኋላ ነው። ከጀርባው ስባሪ ተላጦ ተወረወረ። ምክንያቱን አገኘው፦ ምቱ በብረቱ ውስጥ እየጨመቀ ይጓዛል፤ ጀርባው ጋ ሲደርስ ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ አየር ነው፤ የሚይዘው የለም፤ ስለዚህ ይመለሳል። ሲመለስ መጭመቁን ትቶ መጎተት ይሆናል። አርማታ ደግሞ ሲጨምቁት ጀግና፣ ሲጎትቱት ሰነፍ ነው፤ ለመጎተት ያለው አቅም ለመጨመቅ ካለው አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። ለዚህ ነው በፍንዳታ ጊዜ ግድግዳው ሳይበሳ፣ በውስጥ በኩል ያለው ገጽ ተላጦ ሰው የሚጎዳው። በጎተራው ግን የፊተኛው ማማ ጀርባ ሲላጥ ከኋላው ያገኘው እህልና ሌላ ማማ ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ እያንዳንዱ ፌሮ ሲጎተትና ሲጣመም፣ ከማዕበሉ ጉልበት አንድ ድርሻ ይወስዳል። ጉልበቱ ሦስተኛው ረድፍ ሲደርስ ብዙው ተበልቷል።

"ምዕራብ ቤይሩትን ያዳናት ጎተራው ነው" የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት አለበት፤ ግን ልክ አለው። ጎተራው ከጀርባው አጠገብ ላለው በርግጥ ጋሻ ሆኗል። ማዕበል ግን ውሃ ቋጥኝ እንደሚዞር ዞሮ ከኋላ ይገናኛል፤ ርቆ ያለ ሰፈር ጋሻው ብዙም አይደርስለትም። ማን ምን ያህል እንደዳነ የሚወስነው በይበልጥ ርቀቱ ነበር።

የጎተራውም መጨረሻ ከዚህ ይከተላል። የቆመው ግማሽ ከሥሩ ተጎድቶ ነበር። በውስጡ የቀረው እህል እየተብላላ ጋለ፤ በ2022 ጁላይ ላይ እሳት ያዘው። መሐንዲሶች በመሣሪያ ሲከታተሉት የሰሜኑ ክፍል በየዕለቱ ያዘነብላል። ጁላይ 31 የመጀመሪያዎቹ ማማዎች ወደቁ፤ ኦገስት 4፣ የሟች ቤተሰቦች ለሁለተኛ ሙት ዓመት ተሰብስበው ሳለ ሌሎች ተከተሉ፤ በዚያው ወር የሰሜኑ ክፍል ወድቆ አለቀ። የደቡቡ ቆየ። መንግሥት ላፍርሰው ሲል፣ ቤተሰቦቹ ፍርድ ሳይሰጥ ምስክሩ አይነካም ብለው ተሟገቱ።

አሁን ወሬዬን አትላንቲክ ላሻግረው፤ ምክንያቱም የወደቀውን ሳያዩ የቆመውን ማወቅ አይቻልም።

ኤፕሪል 19፣ 1995። ኦክላሆማ ሲቲ። ከጧቱ 3 ሰዓት ከ2 ደቂቃ። አንድ የኪራይ ጭነት መኪና ባለ ዘጠኝ ፎቁ የመንግሥት ሕንፃ ደጃፍ ቆሟል። የጫነው ያው አሞኒየም ናይትሬት ነው፣ ከነዳጅ ጋር ተቀላቅሎ፣ ከሁለት ቶን ብዙም ያልበለጠ። ከቤይሩቱ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን ከአንድ ምሰሶ አጠገብ፣ ጥቂት ሜትር ብቻ ርቆ ነበር። የሞተው ሰው ቁጥር 168፤ ከነዚህ 19ኙ ሕፃናት።

ሐኪሞችና መሐንዲሶች ሟቾቹ የት እንደነበሩ ፎቅ በፎቅ ቆጠሩ። ሕንፃው ውስጥ 361 ሰዎች ነበሩ። በተደረመሰው ክፍል ከነበሩት 87 በመቶው ሞቱ። ባልተደረመሰው ክፍል ከነበሩት የሞቱት 5 በመቶ ናቸው። ይህ ቁጥር የዛሬው ወሬዬ ልብ ነው። ፈንጂው አንድ ነው፤ ደቂቃው አንድ ነው፤ ሰውን የለየው ራሱ ላይ ያለው ወለል መቆሙና መውደቁ ነው። ገዳዩ ከፈንጂው ይልቅ ሕንፃው ነበር።

እንዴት ወደቀ? በፊት ለፊቱ፣ ከሦስተኛው ፎቅ በላይ ምሰሶዎቹ ቀረብ ቀረብ ብለው ቆመዋል። ከታች ግን መግቢያው ሰፊ እንዲሆን ተብሎ በየመሃሉ አንድ አንድ ምሰሶ ቀርቷል፤ የላይኞቹን ሸክም አንድ ትልቅ አግዳሚ ቢም ተቀብሎ ለታችኞቹ ጥቂት ምሰሶዎች፣ ግንበኛ ኮለን ለሚላቸው፣ ያካፍላል። ፈንጂው አጠገቡ ያለውን ኮለን አደቀቀው። ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ተቆረጡ። ሦስት ኮለን ሲሄድ ቢሙ ወደቀ፤ ቢሙ ላይ የቆመው ሁሉ እስከ ጣሪያው ተከተለው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እዚህ ድሩ አላበረም። አንዱ ሲጎድል ሸክሙን የሚቀበል ጎረቤት አልተዘጋጀለትም።

ከመረመሩት ባለሙያዎች አንዱ ሜቴ ሶዘን ነበር፤ ቱርክ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ ሲያስተምር የኖረ፣ ዕድሜውን በርዕደ መሬትና በአርማታ ላይ የጨረሰ ሊቅ። የቡድናቸው መደምደሚያ ይህ ነበር፦ ርዕደ መሬት በሚበዛበት አገር እንደሚደረገው ፌሮው ቢታሰር ኖሮ፣ ጉዳቱ ከ50 እስከ 80 በመቶ በቀነሰ ነበር። ፈንጂ ታስቦ አይደለም፤ ለርዕደ መሬት ተብሎ ብቻ።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ሶዘን ሌላ ፍርስራሽ ውስጥ ገባ። ሴፕቴምበር 11፣ 2001፣ አውሮፕላን የአሜሪካን መከላከያ መሥሪያ ቤት፣ ፔንታጎንን መታው። ይሄ የግጭት ነገር ነው፤ ብዙ ቶን ክብደትና ነዳጅ በከፍተኛ ፍጥነት ሕንፃ ውስጥ ሲገባ። የመሬቱ ፎቅ በርካታ ኮለኖች ተመነገሉ ወይም ተጣመሙ። ሕንፃው ግን ወዲያው አልወደቀም። ከምቱ በላይ ያለው ክፍል ከሩብ ሰዓት በላይ ቆሞ ሰው እንዲወጣ ጊዜ ሰጠ፤ የወደቀውም ጠባብ ቁራጭ ብቻ ነው። በ1940ዎቹ የተሠራ ሕንፃ! ምስጢሩ ኮለኑ ውስጥ ተገኘ። ቁም ፌሮዎቹን ከላይ እስከ ታች እየተጠማዘዘ የሚዞራቸው ብረት ነበር። አውሮፕላኑ የውጭውን አርማታ ገፎ ሲጥለው፣ በብረቱ የታቀፈው የውስጡ እምብርት ግን አልተበተነም። ኮለኑ ጎበጠ፤ ጎብጦም ተሸከመ።

ከጎተራው ጀምሮ ስናገር የነበረው ይሄ ነው። ሰው ጠንካራ ቤት ሲል የማይነቃነቅ ቤት ይመስለዋል። ገንቦ ከአገልግል ይጠነክራል፤ ከበቅሎ ጀርባ ሲወድቁ ግን የሚነሳው አገልግሉ ነው። ከድንገተኛ ምት የሚተርፈው ሳይለቅ የሚታጠፍ ነገር ነው። መታጠፍ ጉልበት ይበላል፤ መሰበር ግን ብዙም አይበላም፣ አንዴ ቀጭ ብሎ ያበቃል። ሥራው የመሐንዲሱም ነው፣ ብረቱን የሚያስረው የፌራዮውም ነው።

ወደ አገራችን ብገባ አትፍረዱብኝ፤ ያለንበት ስምጥ ሸለቆ ነውና። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ስትናጥ አዲስ አበባ በየኮንዶሚኒየሙ መብራት ሲወዛወዝ ያላየ ማን አለ? ኮለን ሲታሰር ቁም ፌሮዎቹን አቅፎ የሚይዘውን ቀለበት፣ ስታፋ እንለዋለን። የስታፋው ጫፍ በ90 ዲግሪ ብቻ ከታጠፈ፣ የውጭው አርማታ በተላጠ ጊዜ ይከፈታል፤ ቁም ፌሮው ወደ ውጭ ይተረተራል፤ ኮለኑ ያልቃል። በ135 ዲግሪ ታጥፎ ጫፉ ወደ እምብርቱ ከገባ ግን ቅርፊቱ ቢሄድም አይለቅም። በተለይ ኮለኑ ከቢም ጋ በሚገናኝበት አካባቢ ስታፋው መቀራረብ አለበት፤ ምቱ የሚፈትነው እዚያ ነው። ልዩነቱ የፌራዮ አንድ ተጨማሪ ማጠፍና ጥቂት ኪሎ ብረት ነው። አርማታው አንዴ ከተሞላ ወዲያ ማንም አያየውም፤ ፎርማንም ቢሆን፣ ባለቤትም ቢሆን፣ ተቆጣጣሪም ቢሆን። የሚታየው ከመሞላቱ በፊት ባለው ጧት ብቻ ነው።

ለመስታወቱም መላ አለ። የመኪና የፊት መስታወት ሲሰበር ከነስንጥቁ ተያይዞ እንደሚቀር አስተውላችኋል፤ በሁለት ገጽ መሃል የተለጠፈ ፕላስቲክ ስላለው ነው። ለሕንፃም ይሠራል። አቅም ባይኖር ደግሞ በተሠራ መስኮት ላይ የሚለጠፍ ወፍራም ላስቲክ አለ፤ መሰበሩን አያስቀረውም፣ መበተኑን ይቀንሰዋል። ይህም ከሌለ እግር አለ። ከሩቅ ያልተለመደ ድንገተኛ ብልጭታ ካያችሁ፣ ብርሃኑ ቀድሞ ደርሷል፤ ማዕበሉ ግን ገና መንገድ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ሰው ሁለት ሰከንድ ተኩል ያህል አለው። ስልክ ለማውጣት አይበቃም፤ ለመዞርና ከመስኮቱ በታች ወይም ከግድግዳ ኋላ ለመተኛት ግን ይበቃል።

ስለዚህ የሰማ ላልሰማ ይንገር፦ እሳት ስታዩ ከመስኮት ራቁ፤ ቤት ስታሠሩ አርማታው ሳይሞላ ስታፋውን ቁጠሩ።